ባለ ጎማ ክሪክ ከመግዛታችሁ በፊት፦ ምን ትለካላችሁ፣ ምን ትፈትሻላችሁ

የፊት ጎማ ፈትቼ የፍሬን ሸራ እየቀየርኩ ነበር። የፈታሁትን ጎማ ለጥንቃቄ ብዬ ከመኪናዋ ስር አጋድሜዋለሁ። ሥራ ስጀምር በተጋደመው ጎማና በመኪናዋ መካከል አራት ጣት ያህል ክፍተት ነበር። ትንሽ ቆይቼ ቁልፍ ላነሳ ጎንበስ ስል ክፍተቱ አንድ ጣት ሆኗል። የሰማሁት ድምፅ የለም። መኪናዋም አልተንቀጠቀጠችም። ሩብ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ክሪኩ ዝም ብሎ ወርዷል።

ክሪኩ አዲስ ነበር። ጎኑ ላይ በትልቁ «2 ቶን» ተጽፎበታል። መኪናዋንም ያለ ችግር አንስቷታል። ያቃተው ያነሳውን ይዞ መቆየት ነው።

ከዚያ ወዲህ ክሪክ ልገዛ ነው ብሎ የሚያማክረኝ ሰው ሲመጣ ጥያቄዬ ሁለት ነው። ያነሳውን ይዞ ይቆያል ወይ? ስታወርደውስ ቀስ ብሎ ይታዘዝልሃል ወይ? ማንሳትማ ሁሉም ያነሳል። ለነዚህ ሁለት ጥያቄዎች መልስ ማግኘት ያለባችሁ ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት ነው።

ስለ የትኛው ክሪክ ነው የምናወራው?

ከመኪና ጋር የሚመጣው፣ እየተዘወረ የሚነሳው ትንሹ ክሪክ መንገድ ላይ ጎማ ለመቀየር የተሠራ ነው። ለዚያ ይበቃል። የጠርሙስ ቅርጽ ያለው ሃይድሮሊክ ክሪክ ጉልበተኛ ነው። ግን መቀመጫው ጠባብ ነው። ሙሉ በሙሉ ወርዶም ቁመቱ 20 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ስለሆነ ዝቅ ያለ አውቶሞቢል ስር አይገባም። ከፍ ላለ ፒክአፕ ይሆናል። ቤት ውስጥ፣ ሲሚንቶ ወለል ላይ፣ ዘይት ለመቀየርም ሆነ ፍሬን ለመሥራት የሚመቸው በአራት ትናንሽ ጎማዎች የሚንከባለለውና ረጅም እጀታ ያለው ሃይድሮሊክ ክሪክ ነው።

አሠራሩን ትንሽ ማወቅ ስትመርጡ ይረዳችኋል። ፓምፕ ስታደርጉ ትንሽ ፒስተን ዘይት ይገፋል። ዘይቱ ደግሞ ትልቁን ፒስተን ይገፋል። ትልቁ በዲያሜትር የትንሹን 4 እጥፍ ከሆነ ኃይሉ 16 እጥፍ ይሆናል። ሐሳቡ የቆየ ነው። ጆሴፍ ብራማ የሃይድሮሊክ መጭመቂያውን ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1795 ነበር። ሪቻርድ ዱጀን ደግሞ በ1851 ተሸክመውት የሚሄዱት ሃይድሮሊክ ክሪክ አደረገው። እኛን የሚመለከተን ግን ይኸኛው ነው፦ መኪናችሁን አየር ላይ ይዞ የሚያቆያት ወፍራሙ ብረት ብቻ አይደለም። ቀጫጭን ጎሚኒዎችና አንዲት የብረት ኳስ ጭምር ናቸው። ጎሚኒው ከተጫረ፣ ወይም ኳሷ የምትቀመጥበት ቦታ ላይ ቆሻሻ ከገባ፣ ዘይቱ ወደ ኋላ ይመለሳል። መኪናዋም ትወርዳለች።

አንደኛ፦ ሜትር ይዛችሁ መኪናችሁ ስር ጎንበስ በሉ

ብዙ ሰው ከሱቅ ይጀምራል። እናንተ ከመኪናችሁ ጀምሩ። ሦስት ልኬት ያስፈልጋችኋል። ወረቀት ላይ ጻፉት፣ ሱቅ ስትሄዱ ኪሳችሁ ይግባ።

የመጀመሪያው ከመሬት እስከ ማንሻው ነጥብ ያለው ከፍታ ነው። ነጥቡ የት እንደሆነ የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ላይ በስዕል አለ። አብዛኞቹ አውቶሞቢሎች ላይ ከፊት ጎማ ትንሽ ወደ ኋላ፣ ከኋላ ጎማ ደግሞ ትንሽ ወደ ፊት፣ በር ስር ባለው የላሜራ ጠርዝ ላይ ምልክት ተደርጎበት ታገኙታላችሁ። ለክታችሁ ስትጨርሱ የተነፈሰ ጎማንም አስቡ። 205/55 የሚል ጎማ ጎኑ 11 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ነፋሱ ሲወጣ ከዚያ አብዛኛው ይጠፋል። ጎማው ሙሉ ሆኖ በቀላሉ ስር የሚገባ ክሪክ፣ በተነፈሰ ቀን ደጅ ይቀራል።

ሁለተኛውን ልኬት ማንም አያስበውም። ከፊት ፓራውርቲ ጫፍ ጀምሮ ከሞተሩ ስር በአግድም እስካለፈው ወፍራም ብረት ድረስ ያለውን ርቀት ለኩ። ለምን? በጎን በኩል ያለውን የማንሻ ነጥብ ክሪኩ ከያዘው ስታንዱን፣ ማለትም መኪናዋ ከተነሳች በኋላ ክብደቷን ይዞ የሚያቆየውን ባለ እግር የብረት ድጋፍ፣ የት ታስገባላችሁ? ስለዚህ ብዙ ጊዜ የሚመቸው ከፊት በኩል መሃሉን አንስቶ ሁለቱን ስታንዶች ግራና ቀኝ ነጥቦቹ ላይ ማስቀመጥ ነው። መመሪያው ያንን መሃል ብረት ማንሻ ብሎ ካመለከተ ማለቴ ነው። ሰውነቱ አጭር የሆነ ክሪክ እዚያ ድረስ ለመድረስ ራሱ ከመኪናዋ ስር ይገባል። ከዚያ እጀታውን ከፍ ስታደርጉ ፓራውርቲው ይይዘዋል። ሙሉ ፓምፕ ማድረግ ይቅርና እፍኝ የምታህል ቦታ ላይ ተንበርክካችሁ ትነቀንቃላችሁ። ርቀቱን ካወቃችሁ ግን ሱቅ ውስጥ የክሪኩን ሰውነት በሜትር ለክታችሁ ወዲያው ትወስናላችሁ።

ሦስተኛው ምን ያህል ከፍ እንዲል እንደምትፈልጉ ነው። እዚህ ላይ ሞላውን አትርሱ። መኪና ስታነሱ መጀመሪያ የሚነሳው አካሏ ነው። ጎማው ሞላው እስኪዘረጋ ድረስ መሬት አይለቅም። ከፍ ባሉ መኪኖች ላይ ይህ ጉዞ ረጅም ነው። ማንሻ ነጥቡ 25 ሴንቲ ሜትር ላይ ከሆነ፣ ሞላው ደግሞ 12 ሴንቲ ሜትር ከወረደ፣ ጎማው ገና መሬቱን ለመልቀቅ ክሪኩ ከ37 በላይ መድረስ አለበት።

ሁለተኛ፦ ቶኑን ከመኪናዋ ሰሌዳ ላይ አውጡ

የሾፌሩን በር ክፈቱና ምሰሶው ላይ ያለውን ተለጣፊ ወይም ትንሽ ሰሌዳ ፈልጉ። ብዙ መኪኖች ላይ አጠቃላይ ክብደቱ ብቻ ሳይሆን የፊትና የኋላ አክስል የሚሸከሙት ከፍተኛ ክብደት ለየብቻ ተጽፏል። ለኛ የሚጠቅመው ይሄኛው ነው። ክሪክ በአንድ ጊዜ አንዱን ጫፍ ወይም አንዱን ጥግ እንጂ ሙሉ መኪና አያነሳም። የፊት አክስሉ 950 ኪሎ ቢል፣ ፊቱን መሃል ላይ ስታነሱ ከዚያ ብዙ አትርቁም።

እኔ የምከተለው ልማድ ከበድ ያለውን አክስል ቁጥር ወስጄ በ2 ማባዛት ነው። ለትንሽና ለመካከለኛ አውቶሞቢል 2 ቶን ይበቃል። ለኤስ ዩ ቪና ለፒክአፕ ወደ 3 ቶን ሂዱ። 3 ቶኑን የምመርጠው ክብደቱን ብቻ ብዬ አይደለም። ብዙውን ጊዜ ሰውነቱ ረዘም፣ መቀመጫው ሰፋ፣ ክንዱ ወፈር ስለሚል ነው።

ቶን የሚለውን ቃል ብቻ አትመኑ፣ ኪሎውን አንብቡ። የአሜሪካ ቶን 907 ኪሎ ገደማ ነው። በዚያ ቆጠራ 3 ቶን ማለት 2,720 ኪሎ አካባቢ እንጂ 3,000 አይደለም።

ደህና ክሪክ ከአቅሙ በላይ ሲጫን ማንሳት እንዲያቆም የሚያደርግ የመጠን ቫልቭ አለው። ፓምፕ እያደረጋችሁ ካልተነሳ ምናልባት ሥራውን እየሠራ ነው። የዚያን ቫልቭ ቡሎን አጥብቆ «ጉልበት ጨመርኩለት» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ያንን ክሪክ አትንኩት።

ሦስተኛ፦ ዝቅታውና ከፍታው

ካርቶኑ ላይ ሁለት ቁጥር አለ፤ ዝቅተኛና ከፍተኛ ቁመት። የተለመደው ክሪክ ከ13 እስከ 14 ሴንቲ ሜትር ላይ ይጀምራል። ዝቅ ላሉ መኪኖች የሚሠራው ከ7.5 እስከ 10 ባለው ውስጥ ነው። ትናንሾቹ 33 ወይም 35 ላይ ያበቃሉ። ትላልቆቹ 46፣ አንዳንዴም 50 ይደርሳሉ። የጻፋችሁትን ወረቀት አውጡና አወዳድሩ። ጉዳዩ አለቀ።

አንድ ነገር ብቻ። ቁመት ሲያንስ አናቱ ላይ እንጨት ደርቦ መሙላት የተለመደ ነው። ቀጭን የጎማ ንጣፍ ሌላ ነገር ነው። የቆመ እንጨት ግን ክሪኩ ሲንቀሳቀስ ይገለበጣል። ቁመት ካነሰ ክሪኩ የናንተ አይደለም።

አራተኛ፦ እግሩንና አናቱን እዩ

ክሪክ ሲያነሳ ጎኑ ላይ ተቀምጣችሁ ተመልከቱት። ክንዱ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ አይሄድም። እንደ ቅስት እየዞረ ነው የሚነሳው። አናቱ ላይ ያለው ክብ ሰሃን ከፍ ባለ ቁጥር ወደ እጀታው በኩል ይሳባል። መኪናዋ ስለማትነቃነቅ ክሪኩ ራሱ በትንሽ በትንሹ ወደ መኪናዋ ስር ይንከባለላል። ጎማዎቹ ለጌጥ ወይም ለመጎተት ብቻ የተገጠሙ አይደሉም። ካልተንከባለሉ ሰሃኑ ከማንሻ ነጥቡ ላይ ይንሸራተታል።

ስለዚህ የፊቶቹን ጎማዎች በእጃችሁ አዙሩ። ሰፋ ያሉ፣ የብረት፣ ያለ መንቀጥቀጥ የሚዞሩ ይሁኑ። የኋላዎቹ ወደ ፈለጉበት አቅጣጫ መታጠፍ አለባቸው። ወለላችሁ አፈር፣ ጠጠር ወይም ክፍተት ያለው ንጣፍ ከሆነ ክሪክ ብቻ አይበቃም። ክሪኩ ሙሉ ሆኖ የሚንከባለልበት ወፍራም ጣውላ አብራችሁ አስቡ። ፀሐይ ያሞቀው አስፋልትም ለስላሳ ነው፣ የብረት ጎማ ይሰምጥበታል።

ሰሃኑ ሰፊና የሚዞር ይሁን። የጎማ ንጣፍ ቢኖረው፣ ንጣፉም መሃሉ ላይ ቦይ ቢኖረው የበር ስሩ የላሜራ ጠርዝ አይጣመምም። የኤሌክትሪክ መኪና ያላችሁ በተለይ ተጠንቀቁ። ወለሉ ስር ባትሪ ነው ያለው። ፋብሪካው ካመለከታቸው ነጥቦች ውጭ አንድ ቦታ እንዳትነኩ።

ብረት ወይስ አሉሚኒየም? 1.5 ቶን የአሉሚኒየም ክሪክ ከ12 እስከ 15 ኪሎ አካባቢ ይመዝናል። ባለ 3 ቶኑ የብረት ክሪክ 35 ወይም 40 ኪሎ ይደርሳል። መኪና ውስጥ ይዛችሁ የምትዞሩ ከሆነ አሉሚኒየም። ቤት አንድ ጥግ ላይ የሚቀመጥ ከሆነ ብረት፣ ያለ ጥርጥር። በጥቂት ፓምፕ መኪናዋ ጋ የሚደርሰው ባለ ሁለት ፒስተን ፓምፕ ጊዜ ይቆጥባል። ግን ከሌላው ሁሉ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው።

አምስተኛ፦ ሱቅ ውስጥ ፈትሹት

አትቸኩሉ። ከካርቶኑ ይውጣና መሬት ላይ ይቀመጥ።

ነጭ ሶፍት ወስዳችሁ የፓምፑን ዙሪያና ትልቁ ፒስተን የሚወጣበትን አንገት ጥረጉ። ሶፍቱ ላይ ዘይት ካለ ሌላ አውጡልኝ በሉ። ከዚያ ብየዳዎቹን ተከታተሉ። መስመሩ ያልተቋረጠ፣ ቀዳዳ የሌለው መሆን አለበት። ቀለሙ ወፍሮ ብየዳውን ከሸፈነው በጥፍራችሁ ዳሱት። ጎኑ ላይ አቅሙ፣ የተሠራበት ሞዴልና መለያ ቁጥር በግልጽ ይኑር። በአውሮፓ ደረጃ ኢኤን 1494፣ በአሜሪካ ደግሞ ኤኤስኤምኢ ፔዝ የሚባለው ደረጃ ብዙ ጊዜ ተጽፎ ይገኛል። ጽሑፍ ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም። ምንም ያልተጻፈበትን ግን እኔ አልገዛም።

ባዶውን እስከ ላይ ፓምፕ አድርጉ። ክንዱን በሁለት እጅ ይዛችሁ ግራና ቀኝ ወዝውዙ። ትንሽ መነቃነቅ ያለ ነው። እንደ ላላ በር የሚንገላታ ከሆነ ግን ተዉት።

አሁን ዋናው። መኪናችሁ ደጅ ከቆመች በእሷ እንሞክር በሉ። ሻጩ እምቢ ካለ ያንን ራሱ እንደ መልስ ውሰዱት። ደልዳላ ቦታ ላይ ጎማው መሬት እስኪለቅ አንሱ። ለጥንቃቄ ስታንድ ከጎኑ አስገቡ፣ እንዳይነካ ትንሽ ክፍተት ተዉ። ከመሬት እስከ በሩ ስር ያለውን ለኩና ቁጥሩን ጻፉ። 10 ደቂቃ ጠብቁ። ማንም ስር አይግባ። እንደገና ለኩ። ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ ከወረደ ያንን ክሪክ እኔ እዚያው ትቼው ነው የምሄደው። ደህናው ክሪክ ላይ ልዩነቱ በዓይን አይታይም።

ቀጥሎ ስታንዱን አውጡና አውርዱት። እጀታውን በግራ በኩል ቀስ ብላችሁ አዙሩ። ጥሩ የማውረጃ ቫልቭ በጥቂቱ ሲከፈት በጥቂቱ ያወርዳል። መሃል ላይ ስትደርሱ ዝጉት። መኪናዋ ቀጥ ብላ መቆም አለባት። መጥፎው እንዲህ ነው፦ ታዞራላችሁ፣ ምንም የለም። ትንሽ ጨምራችሁ ታዞራላችሁ፣ አሁንም ምንም የለም። ከዚያ በአንዴ ዱብ! እጃችሁ ላይ የሚሰማችሁ ነገር ካርቶኑ ላይ ከተጻፈው ሁሉ ይበልጣል። ስታንድ ላይ መኪና የምታስቀምጡት በዚህ ቫልቭ ነውና።

ከመውጣታችሁ በፊት የጎሚኒ መለዋወጫ ይገኝለታል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ጎሚኒ ያልቃል። መለዋወጫ ያለው ክሪክ ዕድሜ ልክ ያገለግላል።

ያገለገለ ክሪክን አትናቁ። ወፍራም ብረት ያለው የድሮ ክሪክ ከቀጭን አዲስ ይሻላል። ዘይት ቢያልብ ይጠገናል። ክንዱ የተጣመመ፣ ብየዳው የተሰነጠቀ ወይም የመጠን ቫልቩ የተነካካ ከሆነ ግን በነጻም አትውሰዱት።

ስድስተኛ፦ ገንዘቡን ስታስቡ ስታንዱንም አስቡ

ክሪክ ማንሻ ነው። መያዣው ስታንድ ነው። በጀታችሁ ለውድ ክሪክ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ዝቅ ያለ ክሪክና ሁለት ደህና ስታንድ ግዙ። ስታንዱ እግሩ ሰፊ፣ ጥርሱ ጥልቅ ይሁን። ከጥርሱ በተጨማሪ የሚቆልፍ ፒን ቢኖረው ይመረጣል። እ.ኤ.አ. በ2020 አሜሪካ ውስጥ ከ1 ሚሊዮን በላይ ስታንዶች ከገበያ እንዲመለሱ ተደርጓል፤ ምክንያቱ ማቆሚያው ጥርሱን በደንብ ሳይዝ ሊለቅ መቻሉ ነበር። ስለዚህ አዲስም ቢሆን ጥርሱ እስከ ውስጥ መግባቱን በዓይናችሁ እዩ። ብሎኬትና ጡብ ሸክም ሲበዛባቸው ሳያስጠነቅቁ ይፈረካከሳሉ። መኪና ስር አይገቡም።

ሰባተኛ፦ ቤት ስትደርሱ

በጉዞ ላይ የተገለባበጠ ክሪክ ውስጡ አየር ሊይዝ ይችላል። ፓምፕ ስታደርጉ እየለሰለሰ ወይም እየዘለለ የሚነሳው ለዚህ ነው። ማውረጃውን ከፍታችሁ 10 ወይም 15 ጊዜ ፓምፕ አድርጉ፣ ከዚያ ዝጉት። ካልተስተካከለ ክንዱ ሙሉ በሙሉ ወርዶ ሳለ የዘይት መሙያውን ጎሚኒ አውጡና መጠኑን እዩ። የሚጨመረው የሃይድሮሊክ ክሪክ ዘይት ነው። የፍሬን ዘይት በፍጹም አታድርጉ፣ ጎሚኒውን ያበላሻል።

የመጀመሪያውን ማንሳት በእርጋታ አድርጉት። ደልዳላ ወለል፣ ማርሽ የገባ፣ የእጅ ፍሬን የተሳበ። በሌላኛው ጫፍ ያሉት ጎማዎች ፊትና ኋላ ታኮ ይደረግላቸው። የእጅ ፍሬን አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ነው። ኋላውን ስታነሱ ስለዚህ እሱን አትመኑት፣ የፊቶቹ ታኮ የግድ ነው። ጎማ የምትፈቱ ከሆነ ቡሎኖቹን መሬት ላይ እያለች ግማሽ ዙር አላሉ። አንሱ፣ ስታንዶቹን አስገቡ፣ ቀስ ብላችሁ አውርዳችሁ ክብደቱን ስታንዱ ላይ አሳርፉ። ከዚያ መኪናዋን በጎን በኩል ጠንከር አድርጋችሁ ግፉ። ከተነቃነቀች ወይም ስታንዱ ከተንጋደደ አሁኑኑ አውርዳችሁ እንደገና ጀምሩ። ክሪኩን አውጥታችሁ አትውሰዱት። ሰሃኑ ነካ ብሎ እዚያው ይቆይ።

ስትጨርሱ ክንዱን እስከ ታች አውርዱት። ፒስተኑ ወጥቶ ከከረመ ይዝጋል፣ ዝገቱም ጎሚኒውን ይጭራል። መገጣጠሚያዎቹንና የጎማዎቹን አክስል አልፎ አልፎ ግራሶ ቀቡ። ዘይት ማልቀስ ከጀመረ ጎሚኒው ይቀየር። ብየዳው ከተሰነጠቀ ግን አስበይዳችሁ አትመልሱት፣ ማንም እንዳይጠቀምበት እጀታውን ቆርጣችሁ ጣሉት።